የሳር አምባዋ አልቃሽ

አልታየች በባሏ ቀብር ቀን አላለቀሰችም። ሳር አምባ ውስጥ ይህ ነገር ለወራት ተወርቷል። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ደንግጣ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አልታየች ግን የአገሩን ሬሳ ሁሉ በሙሾ ስትሸኝ የኖረች፣ ከጫጫ ድረስ ሰው እየላኩ የሚያስጠሯት አልቃሽ ነበረች።

ሙሾ የጀመረችው በአባቷ ለቅሶ ላይ ነው። ገና ያላገባች ልጃገረድ ነበረች። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ደረታቸውን ሲመቱ ድንገት ከመሃል ገብታ፣ አባቷ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሳል እንደሚቀድመው፣ ከብቶቹ ሳሉን ሰምተው እንደሚነሱ በግጥም ተናገረች። ወንዶቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲሞት እሷን መጥራት ልማድ ሆነ።

ለቅሶ ቤት ከመግባቷ በፊት ሟቹን የሚያውቅ አንድ ሰው ለብቻው ትይዝና ትጠይቃለች። ምን ያናድደው ነበር? በሬውን ማን ብሎ ይጠራው ነበር? ሲሰክር ምን ይዘፍናል? ጀግንነቱንና ደግነቱን ማንም አልቃሽ ያወርደዋል፤ እሷ የምትፈልገው ትንሿን ነገር ነው። "ሰው የሚያለቅሰው የሚያውቀውን ሲሰማ ነው" ትል ነበር።

ሳር አምባ ያኔ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ የተበታተነ መንደር ነበር። ገብስና ባቄላ ይዘራበታል፣ በግ ይረባበታል፣ ንፋሱ አያርፍም። ባሏ ገብረ ጻድቅ ከጣርማ በር አካባቢ በጋብቻ የመጣ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው፤ አንድ ነገር ከጀመረ ሳይጨርስ ቀና አይልም። እሷ ለለቅሶ ስትዞር ቤቱንም በጎቹንም እሱ ይይዛል። ሰርካለም የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ አድጋ አዲስ አበባ አገባች።

ከተማው የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ቀያሾች መጥተው ችካል ተከሉ። ቀጥሎ ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። ብዙም ሳይቆይ የገብረ ጻድቅ የገብስ ማሳ ላይ ፋብሪካ ቆመ። ለቤት መሥሪያ በተሰጣቸው ቦታ ላይ የብሎኬት ቤት ሠሩ፤ ከጓሮ ያሉትን ክፍሎች ለፋብሪካ ሠራተኛ ልጃገረዶች አከራዩ። ገብረ ጻድቅም እዚያው ፋብሪካ በር ላይ በጥበቃ ተቀጠረ። ሰማያዊ ዩኒፎርም ሰጡት። ብርዱ ስለሚጠና ካፖርት ይደርብበታል። ድሮ ገብሱን ከወፍ ከሚጠብቅበት ቦታ ብዙም አልራቀም።

አውድማው የነበረበት ቦታ የባጃጅ ማዞሪያ ሆነ። ኮብልስቶን ተነጠፈ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ ከአዲስ አበባ ኪራይ የሸሹ ሰዎች፣ ከሌላ አገር ተፈናቅለው የመጡ ነጋዴዎች ቤት እየሠሩ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሳር አምባ ከተማ ይሁን ገጠር የሚያውቅ ጠፋ። ደብረ ብርሃን መሃል ያለ ሰው "እዚያ ገጠር ድረስ ማን ይሄዳል" ይላል። የጣርማ በር ዘመዶች ደግሞ "እናንተ ከተሞች" ይሏቸዋል።

አልታየች ነገሩ የገባት በለቅሶ ነው። ከአዲሶቹ ጎረቤቶች የአንዱ አባት ሞቱና እንደ ልማዷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሄደች። ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው በፕላስቲክ ወንበር ላይ በረድፍ ተቀምጧል። ሟቹ ዘመናቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው መሆናቸውን በር ላይ ጠይቃ አውቃለች። ግጥሙንም በልቧ ይዛለች። ተነስታ አንድ ስንኝ እንዳለች ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ መጥቶ ክንዷን በቀስታ ያዘ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤተሰቡ እንዲህ ያለውን አይፈልግም። መዝሙር ተከፍቷል።"

እውነትም መዝሙር ተከፍቶ ነበር። ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ማታ ለገብረ ጻድቅ ነገረችው።

"መዝሙር ምን ክፋት አለው?" አላት።

"ክፋትማ የለውም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ምንም።"

ከዚያ ወዲህ የሚጠራት ቀነሰ። ካህናቱም ሙሾ ይቅር፣ ጸሎት ይሻላል ማለት ካበዙ ቆይተዋል። እሷም ለቅሶ ስትሄድ ከሰው ጋር ቁጭ ብላ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ጣርማ በር የባሏ አክስት ሞተው ሄደች። እዚያ እንኳ ክቡ ውስጥ ገብታ አወረደች፤ ሰውም አለቀሰ። ስትወጣ ግን አንዲት ሴት ለጓደኛዋ "ድምፅዋ ሬዲዮ ሬዲዮ ይላል፤ ከተሜ ሆናለች" ስትል ሰማቻት።

ነገሩ ፈጦ የወጣው በእድር ስብሰባ ነው። የድሮው የሳር አምባ እድር መቃብሩን በአባላቱ እጅ ይቆፍራል፣ ሬሳውን በትከሻ ይሸከማል፣ ሰው ሲሞት ሥራ ፈትቶ ይውላል። አዲሶቹ ያቋቋሙት እድር ድንኳንና ወንበር አለው፤ ቆፋሪ ይቀጥራል፣ መኪና ይከራያል። ይዋሃዱ ተባለና ሁለቱም ወገን በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰበሰበ። የአዲሱ እድር ሊቀመንበር አቶ ቃለ አብ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

"እኛ ባላገር ነን" አለ ከድሮዎቹ አንዱ ሽማግሌ። "የእናንተ ደንብ ለከተማ ሰው ነው። ለእኛ አይሆንም።"

አቶ ቃለ አብ መነጽራቸውን አወለቁ። "አባቴ፣ ላስከፋዎ ብዬ አይደለም። ግን ከእናንተ መካከል በሬ ያለው እጁን ያውጣ።"

እጅ ያወጣ አልነበረም።

"ባላገርነት በበሬ ነው እንዴ?" አለ ሽማግሌው።

"በምንድን ነው ታዲያ?"

ሽማግሌው ዙሪያውን አየና ከሴቶቹ መካከል አልታየች ላይ ዓይኑ አረፈ። "በለቅሶ ነው። እኛ ሰዋችንን አልቅሰን እንቀብራለን።"

አንዳንዱ ሳቀ። አልታየች አንገቷን ደፋች። ከዚያ በስብሰባ ተናግሮ የማያውቀው ገብረ ጻድቅ ተነሳ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ዩኒፎርሙን አላወለቀም።

"እኔ ከተሜ ነኝ" አለ። "በዚህ ልብስ ቆሜ ባላገር ነኝ ብል ትስቁብኛላችሁ። ልጆቻችን እዚህ የሉም። የሚቆፍረው ማን ነው? የሚሸከመውስ? እንዋሃድ።"

ተዋሃዱ። ወደ ቤት ሲመለሱ አልታየች አላናገረችውም። ተሳስቷል ብላ ግን አልነበረም። መልሱን እሷም ታውቀው ነበር፤ ቅር ያላት እሱ በሰው ፊት ስላለው ነው። እሱም ምክንያቱን አልጠየቃትም።

በዓመቱ ገብረ ጻድቅ ታመመ። ከሥራ ሲመለስ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ተኛ። ክሊኒክ ወሰዱት፣ ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል አስተላለፉት። ሳንባው ነው አሉ። ሳይሰነብት አረፈ። ነርሷ ወጥታ ስትነግራት አልታየች "ጫማውስ?" ብላ ጠየቀች። ነርሷ ያልገባት መስሏት ደግማ ነገረቻት። "ሰማሁ፤ ጫማው አልጋው ሥር ነው ያለው" አለች አልታየች። ጫማውን በፌስታል አድርገው ሰጧት። እቅፏ ውስጥ ይዛው ሰው እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ሰርካለም ከአዲስ አበባ ደረሰች፤ ዓይኗ አብጧል። እናቷን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

"እማዬ፣ ሙሾ እንዳታወርጂ፣ እሺ? ትታመሚያለሽ። የባለቤቴም የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ።"

"እሺ" አለች አልታየች። እንቢ ለማለት የሚሆን ምንም ነገር ውስጧ አላገኘችም።

ከቀብር በፊት የጣርማ በር ሰዎች በአይሱዙ መጡ። የገብረ ጻድቅ ታናሽ ወንድም ወልደተንሣኤ ገና መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወረደ። "ወንድሜን! ወንድም ጋሼን!" እያለ ኮብልስቶኑ ላይ ወደቀ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ክብ ሠሩ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ከወንበራቸው ሳይነሱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። መዝሙሩ ተዘጋ። ሁሉም የሚጠብቀው እሷን ነበር።

"እትዬ፣ በይ እንጂ!" አለ ወልደተንሣኤ ከመሬት ቀና ብሎ። "ማንን ነው የምትጠብቂ? ያንቺ ቀን እኮ ነው!"

አልታየች ወደ ክቡ መሃል ገባች። ስለ ገብረ ጻድቅ የምትለው አጥታ አይደለም። ሳይጨርስ ቀና እንደማይል፣ ሲናደድ ጆሮውን እንደሚያክ፣ የታመመች በግ አቅፎ እሳት ዳር እንደሚያድር ሁሉ ታውቃለች። ቃላቱ አሉ። ነገር ግን አንዱ ከሌላው አልገጥም አለ። እጇን ወደ ደረቷ አነሳች፤ የራሷ እጅ አልመስላት አለ። የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየች።

"ተቀመጡ" አለቻቸው። "ንፍሮ አለ።"

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት "እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት" አሉ። የጣርማ በር ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና እጃቸውን አወረዱ። ፍትሐቱ አለቀ፤ የተቀጠሩት ቆፋሪዎች መቃብሩን ሞሉ። ወልደተንሣኤ ወደ መኪናው ሲወጣ "ወንድሜን እንደ ባዳ ቀበራችሁት" አላት።

"አዎ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አንድ ዓይነት ነበሩ። ሰው ይመጣል፣ እግዜር ያጥናሽ ይላል፣ ይሄዳል። አልታየች ያቀረቡላትን ትበላለች፤ ጨው ይብዛበት ይነስበት አታውቅም። ሰርካለም አብራት ከርማ፣ አብረን እንሂድ ብላ ለምና፣ እንቢ ስትላት አልቅሳ ተመለሰች። እናትየዋ እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት። ስትመለስ የትኛውን መንገድ ይዛ እንደመጣች አላስታወሰችም።

ወልደተንሣኤ ደወለ። "እትዬ፣ የሱ ለቅሶ አልወጣም። እኛ እዚህ እናለቅስለታለን። ብትመጪም ባትመጪም እናለቅሳለን።"

ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፈተ የተባለ ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መሬት ነክቷል። ከአስፋልቱ ወርዳ ወደ መንደሩ በእግሯ ስትደርስ ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል። የገብረ ጻድቅ የጎረምሳነት ጋቢ እንጨት ላይ ተሰቅሏል፤ አጠገቡ ሞፈርና ቀንበር ተቀምጧል። ገብረ ጻድቅ ያንን ሞፈር ይዞ እንደማያውቅ አልታየች አወቀች፤ የወልደተንሣኤ ሞፈር ነው። አንዲት ወጣት አልቃሽ መሃል ገብታ ታወርዳለች። ድምፅዋ ጥሩ ነው።

እርፉን ማን ይጨብጠው፣ ማን ይጥመድ በሬውን፣
ጌታው ገብረ ጻድቅ ትቶት ሄደ እርሻውን።

ሰው በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ወልደተንሣኤ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ይንዘፈዘፋል። አልታየች ከዳር ቆማ ሰማች። ስለ እርሻው ተባለ፣ ስለ በሬዎቹ ተባለ፣ ስለ አውድማው ተባለ። ስለ ዩኒፎርሙ የሚናገር አንድም አልነበረም። ያንን ሁሉ ዓመት ፋብሪካው በር ላይ የቆመው ሰውዬ ለቅሶ ቤት ሳይደርስ ቀርቷል። ነጠላዋን አጠበቀችና ወደ መሃል ገባች። ወጣቷ አልቃሽ ዘወር አለችላት።

ሞፈሩን ከሰቀለ ዘመኑ ራቀ፣
ገብሬ የሰው አጥር ቆሞ እየጠበቀ።
ካፖርቱን ደርቦ፣ ባትሪውን ይዞ፣
በገዛ ማሳው ላይ ቆመ ደንዝዞ።

ክቡ ቆመ። "ባትሪ" ሲባል አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። አንዳንዶቹ እንዴት እንደሚቀበሉ ግራ ገባቸው። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ልጁ አዲስ አበባ በጥበቃ ሥራ የሚኖር ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። እሱን ተከትለው ሌሎቹም ጀመሩ። አልታየች ስንኞቹን ደግማ አወረደች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይኗም አልረጠበም። ልብስ አጥቦ እንደማስጣት ነበር፤ መሠራት ያለበት ሥራ።

ሰው ሲበተን ወልደተንሣኤ መጣ። ተቆጥቷል።

"ለምን አዋረድሽው? በአባቱ አገር ዘበኛ ብለሽ ስሙን ታነሺዋለሽ?"

"አላዋረድኩትም። ሥራው ነበር።"

"እኛ የምናውቀው ወንድሜ ገበሬ ነው።"

"እናንተ የምታውቁት ከሞተ ቆይቷል" አለችው። "እኔ የቀበርኩት ይሄኛውን ነው።"

ወልደተንሣኤ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ሲጠብቅ አይቼዋለሁ" አለ። "አንድ ቀን ላየው በፋብሪካው በር አለፍኩ። በዚያ ልብስ ሳየው አፈርኩና ሳልጠራው ሄድኩ።" ቀና ብሎ "እትዬ፣ እዚሁ ቅሪ። ቤት አለ። እዚያ ማን አለሽ?" አላት።

"ተከራዮች አሉኝ።"

"ተከራይ ዘመድ ነው?"

"አይደለም። እዚህ ግን ማን እንደሆንኩ ለሰው ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው።"

በማግስቱ ወደ ሳር አምባ ተመለሰች።

ከተከራዮቿ አንዷ ዘነበች ትባላለች፤ ከደቡብ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካው ውስጥ ስፌት ላይ የምትሠራ ልጅ። ነገር አታበዛም፤ እሁድ እሁድ ግቢውን ሳትጠየቅ ትጠርጋለች። ክረምቱ ከገባ በኋላ ለዘነበች ጓደኛ ስልክ ተደወለ፤ የዘነበች እናት ማረፏን የሚነግር ነበር። ጓደኛዋ እየሮጠች ወደ አልታየች መጣች።

"እማማ፣ እንዴት ብለን እንንገራት? እኛ እዚህ ሰው የለንም።"

አልታየች ልጅቷን አረጋጋቻትና ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች። ባለ ሱቋ ዙቤዳን ጠራች፣ አቶ ቃለ አብን ጠራች፣ ከሌላ ግቢ የሚኖሩ የፋብሪካ ልጃገረዶችን ጠራች። በማግስቱ ገና ሲነጋ፣ ዘነበች ለሥራ ሳትወጣ፣ ሁሉም በሯ ላይ ቆሙ። ልጅቷ በሩን ከፍታ ሰውን ስታይ ገባት። በአገሯ ቋንቋ ጮኸች። ከአማርኛ ተናጋሪዎቹ አንዳቸውም ቃሉን አላወቁትም፤ ግን ምን እንደሆነ አልጠፋቸውም።

ዙቤዳ አቅፋ አስቀመጠቻት። አልታየች ከፊቷ ተንበረከከች።

"ልጄ፣ እናትሽ ምን ትሠራ ነበር?"

ልጅቷ በሳግ መካከል ነገረቻት። እንሰት ትፍቅ ነበር፤ ቆጮ ገበያ ትወስድ ነበር። የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። አልታየች ተነሳች። እንሰት በዓይኗ አይታ አታውቅም።

እንሰቱ ቆሟል ጓሮ፣ ማን ይፋቀው እሱን፣
እናት አፈር ለብሳ ሸፈነችው ጥርሷን።

ዘነበች እንደ ተመታ ሰው ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ቀና ብላ በራሷ ቋንቋ መለሰችላት። የመጡት ልጃገረዶች ግማሾቹ ያንን ቋንቋ ይችላሉ፤ ተቀበሏት። አልታየች በአማርኛ ታወርዳለች፣ እነሱ በወላይትኛ ይመልሳሉ። አላፊ አግዳሚው ቆመ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ቆቡን አወለቀ። ክንዷን መጥቶ የሚይዝ አልነበረም።

ተከራይ የእድር አባል አይደለችምና ድንኳን አይገባትም ነበር። አቶ ቃለ አብ ግን ከወጣቶቹ ጋር ሄደው ወንበር አስመጡ። ጎረቤት የሆነው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሚስት ንፍሮ ቀቅላ ላከች። ዘነበች ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ይዛ ወደ አገሯ መንገድ ጀመረች፤ ልጃገረዶቹ እስከ መናኸሪያ ሸኟት።

ግቢው ጸጥ ሲል ዙቤዳ የአልታየችን ፊት ትኩር ብላ አየች።

"አላህ ይወቀው፣ እኔን እንኳ አስለቀስሽኝ። አንቺ ግን አንዲት እንባ የለሽም።"

"አልመጣልኝም" አለች አልታየች።

"ይመጣል።"

"እንጃ።"

ዝናብ ማካፋት ጀመረ። አቶ ቃለ አብ ወንበሮቹን እየደራረቡ ነበር፤ አልታየችም ተነስታ ታግዛቸው ጀመር። ደርድረው ሲጨርሱ አቶ ቃለ አብ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

"ወይዘሮ አልታየች፣ እንዲህ ያለው ለቅሶ በደንባችን ውስጥ የለም" አሉ። "የባላገር ይባል የከተማ እኔም አላውቅም። ሌላ ቀን ቢያጋጥመን ብንጠራዎ ይመጣሉ?"

አልታየች አራት ወንበር በአንድ ላይ አነሳች።

"ቤተሰቡ ከፈለገ እመጣለሁ" አለችና ወንበሮቹን ተሸክማ ወደ እድሩ መጋዘን አመራች።